ሚዛኑ አጠገብ ማን ቆሟል?

ባክ ፎርክ፣ ዌስት ቨርጂኒያ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2017

ለልጅ ልጄ ለዴሊያ ስተርጊል፣

እንደምን ሰነብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ጣሪያው ደህና ነው፣ ውሻው ደህና ነው። ስለ ሐኪሙ ለጠየቅሽኝ፣ ሐኪሙም ደህና ነው።

ደብዳቤሽን ጎረቤቴ ጄኒቫ ራትሊፍ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብላ አነበበችልኝ። ይህንንም የምትጽፈው እሷው ናት። የኔ እጅ ከአካፋ ሌላ ነገር ይዞ አያውቅም። ለምን በስልክ አንነጋገርም ያልሽውን ተይው። አርባ ዓመት ድማሚት ያደነቆረው ጆሮ በስልክ የሚሰማው የንብ ጩኸት ብቻ ነው። ደብዳቤ ሲሆን ጄኒቫ ትጮህልኛለች፤ ከወንዙ ማዶ ያሉትም አብረው ይሰማሉ። ስለዚህ ምስጢርሽን ሸለቆው በሙሉ እንደሚያውቀው ዕወቂ።

ወደ ነገሩ ልምጣ። አይሆንም።

ሠንጠረዥ አየሁ ብለሻል። ፍልስፍናና ታሪክ የተማረ ሰው ሲመረቅ በዓመት ሃያ ዘጠኝ ሺህ ዶላር ነው የሚያገኘው፤ እኔ ስጨርስ ሠላሳ ስድስት ሺህ ዕዳ ይኖርብኛል፤ ራጅ ማንሳት የተማረ ግን በሁለት ዓመት ኮርስ ሃምሳ ሁለት ሺህ ያገኛል፤ ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት ላይ ላቋርጥ ብለሻል። ጄኒቫን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ቁጥር አይጠፋኝም። ማንበብ የማይችል ሰው መቁጠርም የማይችል የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች ነበሩ። ቀብሬያቸዋለሁ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን የመዘነው ማነው?

በአሥራ ስድስት ዓመቴ የከሰል ጉድጓድ ስገባ የሚከፈለን በቶን ነበር። ከሰሉን በአካፋ ፉርጎ ላይ እንጭናለን፣ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ቁጥር ያለበትን የናስ ታርጋችንን ፉርጎው ላይ እንሰቅላለን፣ ወደ ላይ ይወጣል። የኔ ቁጥር 217 ነው። ላይ የኩባንያው መዛኝ ተቀምጧል። አራት ቶን ስትልኪለት ሦስት ይጽፋል። ድንጋይ ተቀላቅሎበታል ይላል። ዝናብ አርሶት ነው የከበደው ይላል። አባቶቻችን ለዚህ ነገር አድማ መቱ፣ ከቤታቸው ተባረሩ፣ በድንኳን ክረምት አሳለፉ፣ በመጨረሻ አንዲት መብት ይዘው ተመለሱ። ከመካከላችን አንድ ሰው እንመርጣለን፣ ደመወዙን ከየኪሳችን እናዋጣለን፣ ሚዛኑ አጠገብ እናቆመዋለን። ሥራው ማየትና መጻፍ ነው። አንድ አካፋ ከሰል አይጭንም። እጁ እንደ ቄስ እጅ ንጹሕ ነው። እሱ የቆመ ዕለት ከሰላችን በድንገት ከበደ።

ይህ ሰው ምን ያመርታል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ኩባንያው ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

እና ከሠንጠረዥሽ አጠገብ የኛ ሰው ቆሟል ወይ?

(ጄኒቫ ነኝ። እኔም ሥነ ጽሑፍ ተምሬ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ በሰዓት አሥራ አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም። ሃያ ሦስት ዓመት ከፍዬ ዕዳው አላለቀም። ሽማግሌው ይህን እንዳልጽፍ ከልክለውኝ ነበር።)

ምንድን ነው እንዲህ አጎንብሳ የምትሞነጫጭረው? እኔ እንደሆንኩ መናገር ካቆምኩ ቆየሁ። ዴሊያ፣ የጻፈችው ከኔ ካልሆነ አትመኚው።

አያትሽ፣ አርቪል ስተርጊል
ምልክቴ፦ ✕

*

ኦሃዮ
ኦክቶበር 2 ቀን 2017

ውድ አያቴ ፓፓው፣

እንደምን አሉልኝ? ጄኒቫ፣ ይህን ስታነቢላቸው እንደ ሌላው ጊዜ አትጩሂ፤ ለሸለቆው የተጻፈ አይደለም።

ሚዛኑ አጠገብ ስለቆመው ሰው የነገሩኝን አሥር ጊዜ አነበብኩት። ቆንጆ ነው። ግን ፓፓው፣ ቆንጆ ወሬ ወለድ አያቆምም። የሠንጠረዡን ቁጥር ተጠራጠሩ። እሺ፣ ልጠራጠር። የጄኒቫስ ቁጥር? እሷ እኮ ከጎንዎ ነው የተቀመጠችው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሠንጠረዡ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ከአበዳሪው ደብዳቤ መጣልኝ። ከብድሬ ትልቁን የሰጠኝ መንግሥት ነው፤ እሱ በስሜ ብቻ ነው። ቀሪዋ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ዶላር ግን ከግል አበዳሪ የመጣች ናት፣ እዚያም ወረቀት ላይ ዋስ የሚል ቦታ አለ፣ በዋሱ ቦታ ላይ አንድ ምልክት አለ። ኤክስ።

እኔ መክፈል ካቃተኝ የሚመጡት ወደ እርስዎ ነው። ይህን ያውቁ ነበር? ያን ዕለት የአበዳሪው ቢሮ ውስጥ ስንቀመጥ ሰውየው ምን አለዎት? እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ስላለው የከረሜላ ሳህን ነው የማስታውሰው። ሳላነብ ፈረምኩ። ማንበብ የምችለው እኔ ነበርኩ፣ እኔም አላነበብኩም።

ስለ ሐኪሙ ድጋሚ እጠይቃለሁ። ሐኪሙ ደህና መሆኑን ሰምቻለሁ።

የእርስዎ ዴሊያ

*

ባክ ፎርክ
ኦክቶበር 11 ቀን 2017

ለዴሊያ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። የፖም ኬኩን በፖስታ ልንልክልሽ አስበን ነበር፤ ግን የምንልከው ኬክ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚደርሰው እንደ ጡብ ሆኖ ነው፤ መጥተሽ ብዪ።

አሁን ስለ ምልክቴ። ጄኒቫ፣ ይህን ቀስ ብለሽ ጻፊ፤ ከዚህ ላይ አንድ ቃል እንዳትቀንሺ።

አላውቅም ነበር።

ይህን ቃል ከአፌ የሰማ ሰው በሕይወት የለም። ሚስቴም አልሰማችውም። አንቺ ግን ጠየቅሽኝ።

በኛ ጉድጓድ አንድ ልማድ ነበር። አንድ ሰው ሲታመም፣ ወይም ጣሪያ ወድቆበት እግሩ ሲሰበር፣ ቤተሰቡ አይራብም። እያንዳንዳችን አንዳንድ ፉርጎ ሞልተን የሱን ታርጋ እንሰቅልበታለን። እሱ ቤቱ ተኝቶ ከሰሉ በስሙ ይመዘናል። እኔም ለስድስት ሰው ሰቅያለሁ፤ ለኔም አንድ ክረምት ሙሉ ተሰቅሎልኛል። ታርጋ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

እና ያ ባለ ክራቫቱ ልጅ «ሚስተር ስተርጊል፣ ከጎኗ መቆምዎን ለማሳየት እዚህ ጋ ምልክት ያድርጉ» ሲለኝ፣ እኔ ታርጋ የሰቀልኩልሽ መሰለኝ። አንድ ፉርጎ አጉድሎ የማያውቅ ሰው ስም ፉርጎሽ ላይ ከተሰቀለ ማንም አያታልልሽም ብዬ። ስሜን ያዋስኩሽ መስሎኝ፣ ለካ የሰጠሁት ኪሴን ነው። ሰውየው አልዋሸም። ከጎኗ ይቁሙ አለ፤ ቆምኩ። የሚዛኑን ነገር ስነግርሽ የከረምኩት ሰውዬ ሚዛን ላይ በገዛ እግሬ ወጣሁ፣ ጽሑፉን የሚያይልኝ ሰው ሳላቆም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ይቅርታ አልልም፤ ምክንያቱም አውቄም ቢሆን እፈርም ነበር።

(«ይቅርታ በሉ» አልኳቸው። «ጻፊ» አሉኝ። — ጄኒቫ)

የጄኒቫን ነገር ጠይቀሻል። ስለዚህ ፊት ለፊት ጠየቅኳት። «ጄኒቫ፣ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ሃያ ዓመት ብትሆኚ፣ ያንን ትምህርት ትማሪዋለሽ ወይ?» አልኳት።

«ዛሬ አልመልስም» አለችኝ።

«ዕዳሽ ነው ምላስሽን የያዘው?»

«እርስዎ ዝም ቢሉ ነው የማስበው፣ ሽማግሌ» ብላኝ ስትፈለፍል የነበረውን ባቄላዋን ተሸክማ ሄደች። በሦስተኛው ቀን መጣች። የመለሰችውን ራሷ ትጻፈው።

(ዴሊያ፣ እውነቱን ልንገርሽ። በገንዘብ ከሆነ፣ አልማረውም። ከባንክ ሰው ጋር ስከራከር አልማረውም፤ መኪናዬ ሲበላሽ አልማረውም። ነገር ግን አንድ ወረቀት ሊያታልለኝ ሲሞክር ገና ከሩቅ ይሸተኛል። ይህን በስንት እንደምሸጠው አላውቅም። የሚገዛኝም አላገኘሁም። ግን መልሼ ውሰዱልኝ ብዬ አልሰጥም። ይህ መልስ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ።)

አያትሽ
✕

*

ኦሃዮ
ኖቬምበር 19 ቀን 2017

ፓፓው፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። መጻፍ አቅቶኝ ነው።

የመልቀቂያውን ቅጽ ሞልቼዋለሁ። የቀረው ፊርማዬ ነው። የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር 15 ነው። በጃንዋሪ የራጅ ኮርሱ ከእናንተ አርባ ደቂቃ ርቀት ላይ ይጀምራል፤ ቦታ ይዤያለሁ። ጠዋት እማራለሁ፣ ማታ ከእርስዎ ጋር እሆናለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ የእርስዎን ስም ከዚያ ወረቀት ላይ አነሣለሁ።

እንዳይቆጡኝ። መምህራኖቼን ጠየቅኳቸው። አንዱ ትምህርት በገንዘብ አይለካም አለኝ። ጫማው የኔን የአንድ ወር ቀለብ ያወጣል። «ለእርስዎ አይለካም፤ ለኔ ግን በየወሩ ይለካል» አልኩት። ቢናደድ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ግን ጥሩ ነጥብ ነው ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ሌላ ነገር። ጄኒቫ በመጨረሻው ፖስታ ጀርባ ላይ በእርሳስ አንድ ቃል ጽፋልኛለች። «ኦክስጅን»።

ጣሪያው ደህና ነው፣ ውሻው ደህና ነው! አፍንጫዎ ላይ ቱቦ ተደርጎ ነው እንዴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለ ሚዛን የሚሰብኩኝ? ከመቼ ጀምሮ? ደረጃ መውጣት ይችላሉ? ማን ያበስልልዎታል?

እርስዎ እዚያ ትንፋሽ እያጠረዎት፣ እኔ እዚህ ሰው በነፃ ፈቃዱ ይመርጣል ወይስ አይመርጥም እያልኩ በብድር አልከራከርም። እመጣለሁ። ይህ ጥያቄ አይደለም።

ዴሊያ

*

ባክ ፎርክ
ዲሴምበር 4 ቀን 2017

ዴሊያ፣

ሰላምታውን ዝለይው። ጄኒቫ ከፖስታው ጀርባ የሠራችውን ነገረችኝ። ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ከዚያ ሌላ ጸሐፊ ስለሌለኝ ታረቅኳት።

አዎ፣ ቱቦ አለኝ። ከኤፕሪል ጀምሮ ነው። ደረጃ አልወጣም፤ ታች ነው የምተኛው። የማበስለው ራሴ ነኝ፤ ባቄላ ለመቀቀል ትንፋሽ አያስፈልግም። ሳንባዬ ውስጥ ኩባንያው ሳይመዝነው የቀረ ከሰል አለ። ይኸው ነው። አላለቅስበትም፣ አንቺም አታልቅሺበት።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ያልነገርኩሽም ቢከሽፍ ማንም እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው።

የዛሬ ዓመት ተኩል ለሳንባዬ ካሳ አመለከትኩ። የኩባንያው ሐኪም «ሲጋራ ነው» አለ። እኔ በሕይወቴ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም፤ ጉድጓድ ውስጥ እሳት የሚለኩስ ጅል ነው። ካሳ አይገባዎትም የሚል አሥራ አንድ ገጽ ደብዳቤ ላኩልኝ። ወስጄ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል ብዬ። ጄኒቫ የስልክ ቁጥር ልትጽፍበት አነሣችው። ቆማ አነበበችው። ከዚያ ተቀመጠች። ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተቃወሙ ተቀብለዋል ማለት ነው ይላል። አራት ቀን ቀርቶን ነበር።

የራጁን ሥዕል ያነሣችው ልጅ ጎበዝ ናት። ሥራዋን አልንቅም፤ ጀርባዬን ይዛ «ትንሽ ይታገሡኝ፣ አባባ» እያለች ነው ያነሣችኝ። ሳንባዬን ከነጠባሳው አወጣችው። ግን ያንኑ ሥዕል የኩባንያው ሐኪም አይቶ «ንጹሕ ነው» አለ። ሥዕሉን ማንሣት አንድ ሥራ ነው። ምን እንደሚል ተነሥቶ መሟገት ሌላ ሥራ ነው። ጄኒቫ አሥራ አራት ገጽ ጻፈች። ከመድኃኒት ቤት ስትወጣ እየመጣች፣ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ጻፈች። የሐኪሙን ቃል ከሐኪሙ ከራሱ ቃል ጋር አጋጨችው፤ በሦስተኛው ገጽ ያለውን በሰባተኛው ገጽ ክዶት ነበርና።

ፈረዱልን። የአሥራ ስምንት ወሩን በአንድ ላይ ከፈሉኝ። አሥራ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዶላር። ቼኩ እዚህ ፖስታ ውስጥ ነው።

የምትዪውን ዐውቃለሁ። «በእርስዎ ሳንባ አልማርም» ትያለሽ። እናትሽም እንዲህ አገጯን ወደ ላይ ታደርግ ነበር። ስሚኝ እንግዲህ። ሳንባው ሄዷል። ቼኩን ብትመልሺው አንዲት ትንፋሽ አትመለስልኝም። ሳንባዬን የበላው ኩባንያው ነው፤ ዋጋው የት እንደሚውል የምወስነው ግን እኔ ነኝ። እስከ ሰማንያ አራት ዓመቴ ድረስ ገንዘቤ ምን ላይ መዋል እንዳለበት የነገረኝ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ የኩባንያው ሱቅ፣ የኩባንያው ኪራይ፣ የኩባንያው ሬሳ ሣጥን። አሁን ተራው የኔ ነው። በአንቺም አልታዘዝም።

ራጅ ማንሣት ከወደድሽ ሂጂና አንሺ፤ እመርቅሻለሁ። እኔን ለማስታመም ብለሽ ከሆነ ግን በሩን አልከፍትልሽም። ሠንጠረዥ ፈርተሽ ከሆነም አልከፍትልሽም። ውሻውንም አዝዤዋለሁ።

ታርጋዬን ጨምሬ ልኬልሻለሁ። 217። ክብደቷን በእጅሽ እይው።

✕

*

ኦሃዮ
ዲሴምበር 14 ቀን 2017

ፓፓው፣

ቅጹን ቀደድኩት። አንድ ቀን ሲቀረው።

እርስዎ ስላዘዙኝ አይደለም። ዘጠነኛው ገጽ ነው። ያንን ገጽ ማሰብ መተው አቃተኝ፤ ሌላ ስንት ምድጃ አጠገብ ስንት እንዲህ ያለ ገጽ እንዳለ።

ቼኩን በሙሉ አልቀበልም። አይቆጡ፤ እስኪ ይስሙኝ። ዘጠኝ ሺህ አራት መቶውን ከፈልኩ፣ ምክንያቱም ያ ፉርጎ የእርስዎ ታርጋ የተሰቀለበት ነው። ያው፣ ሰው ሲደክም የሚደረገውን አደረጉልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስምዎ ማንም ወረቀት ላይ የለም። ማረጋገጫውን ጄኒቫ እያንዳንዱን መስመር ታንብበው፤ ትንንሾቹንም ፊደሎች።

ስጨርስ የሚደርሰው የመንግሥቱ ሃያ ሰባት ሺህ ገደማ ግን የኔ ነው። ማንም አይሰቅልልኝም። ሠንጠረዡ ልክ ሊሆን ይችላል። ሃያ ዘጠኝ ሺህ ሊሆን ይችላል፣ አርባ ዓመትም ሊፈጅብኝ ይችላል። እከፍለዋለሁ፤ ግን ከመክፈሌ በፊት ሚዛኑን አየዋለሁ።

ቀሪውን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ መልሻለሁ። ታርጋውን አልመልስም።

ለገና እመጣለሁ። ለእንግድነት ነው፤ ውሻውን ይሰሩት።

ዴሊያ

*

ባክ ፎርክ
ጃንዋሪ 9 ቀን 2018

ለዴሊያ ስተርጊል፣

በሰላም መግባትሽን ሰማን። ኬኩን በሙሉ ይዘሽ መሄድሽንም ዘግይተን አወቅን።

ስለ ሁለት ሺህ ሦስት መቶው ጠይቀሻል። ጄኒቫ፣ ጻፊ።

(አልጽፍም። — ጄኒቫ)

«ጻፊ አልኩሽ! የምከፍልሽ ለዚህ ነው!» ብያት ነው አሁን የምትጽፈው። እንባዋ ቀለሙን ካበላሸው ጥፋቱ የኔ አይደለም። ገንዘቡን ለሷ ሰጠኋት። አልቀበልም ብላ በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው። በቱቦዬ ርዝመት የምደርሰው እስከ በረንዳው ጫፍ ድረስ ነውና ከዚያው ሆኜ ጮህኩባት። «ጄኒቫ! እኛ በጉድጓዱ ሳለን መዛኛችን አንድ ቀን በነፃ ቆሞ አያውቅም! ከየኪሳችን ነበር የምናዋጣለት! እኔን ለማኝ ልታደርጊኝ ነው?» ማዶ ያሉት ሁሉ ወጥተው አዩን። በመጨረሻ አፍራ ወሰደችው። ለዕዳዋ ከፈለችው። ሠንጠረዥሽ ላይ ጨምሪበት፤ ሥነ ጽሑፍ የተማረች ሴት፣ ባክ ፎርክ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልመለስ። ከገና በፊት የላክሽው ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበር። የአሁኑ ደግሞ ግማሽ። ለሦስት ዓመት ፍልስፍና ከፍለን ግማሽ ገጽ? ጄኒቫ አንብባ ስትጨርስ ቡናዬ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ረዘም አድርገሽ ጻፊ። ጊዜ አለኝ። ሲጎድል ደግሞ ዐውቃለሁ፤ የምታይልኝ ሰው አቁሜያለሁ።

አያትሽ፣ አርቪል ስተርጊል
217
✕